ሱሺ ቤት ውስጥ የጠፋው ወንድም

"ወንድሜ የለም! ወንድሜን ወሰዱት!"

እሁድ ምሳ ሰዓት ነው... ሃማማትሱ፣ ጃፓን።

ሱሺ ቤቱ ጢም ብሏል። ሳህኖቹ በሚዞረው ማሽን ላይ ተደርድረው በሰው ፊት ያልፋሉ፣ ልጆች ይንጫጫሉ፣ በር ላይ ስልሳ ሰው ተራ ይጠብቃል።

መሃል ላይ አንድ የውጭ አገር ሰው እንደ እብድ ይጮሃል።

የቤቱ ኃላፊ ኦቺያይ ሮጣ መጣች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ እዚያ ከተማ ስኖር ደንበኛዋ ነበርኩ።

ስልኳ ላይ ማስተርጎሚያውን ከፈተች።

"ጌታዬ፣ ምንድን ነው የጠፋብዎት?"

"ጥቁር ቦርሳ! እዚህ እግሬ ስር ነበር። እጄን ታጥቤ ስመለስ የለም!"

"ውስጡ ምን ነበር?"

ሰውዬው ባዶውን ወለል በእጁ ዳበሰ...

"ወንድሜ።"

ስልኩ የተሳሳተ መሰላት። "ይቅርታ... ወንድምዎ ቦርሳ ውስጥ?"

"አጽሙ! ትናንት ነው ያቃጠልነው!"

ኦቺያይ ክው አለች።

ሰውዬው ቴክራጅ ይባላል፣ ኔፓላዊ ነው። ታናሽ ወንድሙ ሎኬንድራ እዚሁ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቷል።

በየሳምንቱ እየደወለ "ጋሼ፣ ና እንጂ! ምግቡ ራሱ እየዞረ ወደ አንተ የሚመጣበት ቤት እወስድሃለሁ። አንተ ቁጭ ማለት ብቻ ነው!" ይለው ነበር።

"ዘንድሮ አይመቸኝም" ይላል ታላቅየው። በሚቀጥለውም ዓመት... "ዘንድሮ አይመቸኝም።"

በመጨረሻ መጣ... ሬሳ ለመቀበል። ሎኬንድራ ተኝቶ ሳይነቃ ቀረ።

ዛሬ ማታ አውሮፕላን አለው። እናቱ እንደ አገራቸው ወግ የልጇን አጽም ለወንዝ ሰጥታ ልትሸኘው ትጠብቃለች።

ከመሄዱ በፊት ግን ወንድሙን ይዞት እዚህ ቤት ገባ። ሁለት ሳህን አነሳ... አንድ ለራሱ፣ አንድ ለሎኬንድራ። አልዋጥ አለው።

እጁን ሊታጠብ ሲነሳ ወንድሙን መጸዳጃ ቤት ይዞ መግባት ነውር መሰለው። እዚያው ትቶት ሄደ...

"ያ ሽማግሌ ነው!" ብሎ ጮኸ። "አጠገቤ የነበረው! ከገባሁ ጀምሮ ቦርሳዬ ላይ እንዳፈጠጠ ነው! ሌባ!"

የሽማግሌው ወንበር ባዶ ነው።

ኦቺያይ ምን አደረገች መሰላችሁ?

ማሽኑን አስቆመችው። እሁድ፣ በዚያ ሰዓት!

"ደንበኞቻችን፣ ይቅርታ! የዚህ ሰው ወንድም አጽም ጠፍቷል። ጥቁር ቦርሳ ነው። እባካችሁ እግራችሁ ስር እዩልን!"



ከዚያ ሰው ሁሉ መሬት ወረደ። ሱፍ የለበሰው፣ ሕፃን ያዘለችው፣ ከዘራ የያዘችው አሮጊት... በጉልበታቸው ይፈልጋሉ።

"አገኘሁት!" አለ አንዱ። ሽማግሌው ተቀምጦ ከነበረበት፣ ባንኮኒው ስር፣ ወደ ጥግ ተገፍቶ።

ቴክራጅ ቀምቶ አቀፈው። እያለቀሰ ከፈተው... ነጭ ሳጥን ነው። ስሙ ግን የተጻፈው በጃፓንኛ ነው።

ኦቺያይ ተቀብላ አነበበችው።

"ጌታዬ... ይሄ ወንድምዎ አይደለም። ወይዘሮ ኪኑዮ ኢሶጋይ ይላል። ሰባ አንድ ዓመት።"

ገባችሁ?

ቦርሳውን የሚሰጡት ቀብር አስፈጻሚዎቹ ናቸው፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ሽማግሌውም ሚስቱን ይዞ ነበር ምሳ የመጣው። ሲነሳ ጎንበስ ብሎ እጁ የነካውን አነሳ...

ግን ጭንቁ ገና ነው።

ሳጥኑ ላይ የሞተችበት ቀን አለ። ኦቺያይ በጣቷ ቆጠረች።

"አርባ ዘጠነኛ ቀኗ ዛሬ ነው... በእኛ ወግ አጽም የሚቀበረው በዚህ ቀን ነው። ዛሬ ነው የሚቀብሯት!"

ሎኬንድራ የማያውቀው ሰው መቃብር ውስጥ ሊገባ ነው!

ቀብር አስፈጻሚዎቹ ጋ ደወለች፤ ቀብሩ የሚፈጸምበትን ቤተ መቅደስ ስም ነገሯት። ቤተ መቅደሱ ጋ ደወለች... አይነሳም። ደገመች... አይነሳም።

ሽርጧን አውልቃ ወረወረች። "መኪናዬ ከጀርባ ነው፣ ይነሱ!"

"ኧረ እትዬ፣ ስልሳ ሰው እኮ ቆሟል!" አለ ምግብ አብሳዩ።

"የቆመ ሰው ይጠብቃል፣ መቃብር አይጠብቅም!"

መንገዱ ሁሉ ቀይ መብራት ሆነባቸው። ቴክራጅ የሰው ሚስት ጭኑ ላይ አቅፎ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማል... "እናቴን ምን ልላት ነው? እናቴን ምን ልላት ነው?"

ሲደርሱ የመቃብሩ ድንጋይ ተነስቷል። መነኩሴው ጸሎቱን ሊጨርስ ነው። ሽማግሌው ብቻውን ቆሟል... ልጅ የለ፣ ዘመድ የለ። ነጩን ሳጥን ሊያወርድ ጎንበስ ብሏል።

"አቁም!!" አለ ቴክራጅ በኔፓልኛ።

አስተርጓሚ የፈለገ አልነበረም።

ሽማግሌው ሳጥኑን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ የባዕዱን ስም አነበበ። ተንበረከከ። ግንባሩን መሬት ላይ ደፋ።

"ይቅር በለኝ ልጄ... ዓይኔ ደክሟል። ይቅር በለኝ።"

"ታዲያ ለምን እንደዚያ ያፈጡብኝ ነበር፣ አባት? ለምን?!"

ኦቺያይ ተረጎመችለት። ሽማግሌው ቀና ሳይል መለሰ...

"ቦርሳህን ሳየው አወቅኩት፤ እኔም ይዣለሁና። 'ያጽናህ' ልልህ ነበር። ቋንቋህን አላውቅም... አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። እሷ ከሞተች ጀምሮ እኔንም 'ያጽናህ' ያለኝ ሰው የለም። ዝም ብዬህ ማለፍ አቅቶኝ ነው ያፈጠጥኩት።"



ቴክራጅ ሌባ ብሎ የጮኸበትን ሰው ደግፎ አነሳው። ኪኑዮን አብረው ቀበሯት። አውሮፕላኑ አመለጠው... በማግስቱ ወንድሙን ይዞ ሄደ።

ወዳጆቼ... ያፈጠጠብን ሁሉ የናቀን፣ ዝም ያለን ሁሉ የጠላን አይደለም። አንዳንዱ እንደኛው የቆሰለ ነው፤ ቃል ብቻ ነው ያጣው። ከመፍረዳችን በፊት አንዴ እንጠይቅ።

እናንተስ... ክፉ ነው ብላችሁ የፈረዳችሁበት፣ በኋላ ግን እንደ እናንተው ያለ ሕመም የተሸከመ ሆኖ ያገኛችሁት ሰው አለ? ዛሬ ብታገኙት መጀመሪያ ምን ትሉታላችሁ?

ኮመንት ላይ ጻፉልኝ... ሁሉንም አነባለሁ።