የወጣቶች ካርድ

«እማማ፣ ይሄ እኮ የወጣቶች ካርድ ነው!»

የባቡሩ ትኬት ተቆጣጣሪ ይህን ያለው ለግሌኒስ ብቻ አልነበረም፤ ፉርጎው በሙሉ እንዲሰማ ነው። የባቡር ዋጋ የሚያስቀንሰውን ካርድ በሁለት ጣቶቹ ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረና የሐሰት ገንዘብ እንደሚመረምር ሰው ገልበጥበጥ አድርጎ አየው። ከፊት ለፊቷ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ሻያቸውን እንደያዙ ሳቁ።

ግሌኒስ አክሮይድ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። የዕድሜዋን እኩሌታ የሆቴል አንሶላ በሚያጥብ ፋብሪካ ስታጥፍና ስትተኩስ ኖራ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አዋላጅነት ተማረች። ዛሬ ሊድስ ከተማ የመጨረሻው የቃል ፈተናዋ ነው። ከባቡሩ እንደወረደች በቀጥታ ፈታኞቹ ፊት መቅረብ አለባት፤ ካመለጣት የሚቀጥለው ዓመት ነው።

«ለተማሪም ይሰጣል» አለች። «ሙሉ ቀን የሚማር ሰው ዕድሜው ምንም ይሁን ምን ይገባዋል። ፎቶውም የኔ ነው፣ ስሙም የኔ ነው።»

«ፎቶውንማ አየሁት።» ተቆጣጣሪው ፈገግ አለ። ደረቱ ላይ የተለጠፈው ስም ክላይቭ ይላል፤ አርባ ቢሆነው ነው። «ግን እውነቱን እንነጋገር፤ እርስዎ የልጅ ልጅ የሚታቀፉበት ዕድሜ ላይ ነዎት። ለመሆኑ ምንድነው የሚማሩት? ሹራብ ሥራ?»

ሳቁ ወደ ኋላ ወንበሮች ተዛመተ።

«አዋላጅነት። በሚመጣው ሳምንት እጨርሳለሁ።»

«በሚመጣው ሳምንት?» ካርዱን እንደገና አየው። «ይሄ የወጣው ባለፈው ሳምንት ነው፤ አንድ ዓመት ያገለግላል። ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል ነዋ የገዙት! ዓመቱን ሙሉ በተማሪ ዋጋ ሊንሸራሸሩ!»

«አዎ፣ አውቄ ነው የገዛሁት። ስትገዛው ተማሪ ከሆንክ፣ ዓመቱ እስኪያልቅ ይሠራል። ደንቡን ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«ብልጥ ነዎት፣ እማማ።»

«እማማህ አይደለሁም!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ግሌኒስ ራሷም ደነገጠች። ፋብሪካ ውስጥ አለቃ ሲቆጣት እንኳን ድምፅዋ ከማሽኑ በላይ ተሰምቶ አያውቅም።

ክላይቭ ፊቱን አጠቆረ። «እንግዲያው ሙሉውን ዋጋ ከነቅጣቱ ይክፈሉ፤ አለበለዚያ የሚቀጥለው ጣቢያ ላይ ይውረዱ። ፖሊስ እጠራለሁ።»

«ጥራ። አልከፍልም፤ አልወርድምም። ካላመንከኝ መሥሪያ ቤትህ ደውለህ ጠይቅ።»

ካርዱን ይዞ ወደ በሩ ሄደና ስልኩን አወጣ። ግሌኒስ ጀርባውን ጀርባውን ታያለች። የሚቀጥለው ጣቢያ ደረሰ፤ አለፈ፤ የመጣ ፖሊስ የለም። ክላይቭ መጀመሪያ እጁን እያወናጨፈ ነበር የሚያወራው። ቆይቶ ግን «እሺ፣ እሺ» እያለ ራሱን መነቅነቅ ብቻ ሆነ። ተመልሶ ካርዱን እጇ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ይሁን፣ ለዛሬ አልፌዎታለሁ» አለ፤ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ይሄኔ ነው ግሌኒስ የምር የተናደደችው።

«ምን አሉህ?»

«አልፌዎታለሁ አልኩ እኮ።»

«እኔ የጠየቅኩህ ምን እንዳሉህ ነው።»

ግራና ቀኙን አየ። «ይሠራል አሉ።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምታልፈኝ? እኔ ምሕረት ለመንኩህ? ሌባ ስታስመስለኝ ይሄ ሁሉ ሰው ሰምቷል። ልክ መሆኔንም ከአፍህ ይስማ!»

ባቡሩ ሊድስ ጣቢያ እየገባ ነበር። ሰዉ ሻንጣውን እያወረደ ተነሣ። ግሌኒስም ተነሥታ መተላለፊያው መሐል ክላይቭ ፊት ቆመች። በሮቹ ተከፈቱ፤ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ሴትዮ፣ አሳልፊን እንጂ! ሥራ አለን!» አለ ከኋላ አንድ ሰውዬ።

«እኔም ፈተና አለብኝ» አለች ሳትዞር። እያንዳንዷ ደቂቃ ከምን ላይ እንደምትቀነስባት ታውቃለች። ቢሆንም እግሯ እሺ አላላትም።

መጀመሪያ ከሳቁት ሴቶች አንዷ ሻይዋን አስቀመጠች። «አንተ ሰው፣ ምን ይገትርሃል? ተሳስተሃል፤ ተናገርና እንውረድ!»

ክላይቭ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። «የሴትዮዋ… የእሳቸው ካርድ ትክክለኛ ነው። ተማሪ ናቸው።»

«አልሰማንም!» አለ ከኋላ ያ ሰውዬ።

«ተማሪ ናቸው!»

ግሌኒስ ካርዷን አንሥታ ወረደችና ሮጠች። ደረጃውን በሰው መሐል እየተጋፋች ስትወጣ «ተማሪ» የሚለው ቃል ጆሮዋ ላይ ቀረ። ባሏ ኖርማን ትምህርቷን «ያ ጨዋታሽ» ነው የሚለው። እህቷ ለጎረቤት «ጊዜ ማሳለፊያ አግኝታለች» ትላለች። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሰው ፊት ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ተማሪ ናት ያለላት አንድ ሰው አልነበረም። ትምህርቱ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው የመጀመሪያው ሰው ይሄ ተቆጣጣሪ ሆነ፤ እሱም ተገዶ። ይህን ስታስብ ሆድ ብሷት እንባ እንባ አላት፤ እንባዋን በኮቷ እጅጌ እየጠረገች መንገዱን ተሻገረች።

ፈተናው ክፍል በር ላይ የደረሰችው ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነው። በሩን የምትጠብቀው ወጣት ሴት ሽበቷን አየችና በአክብሮት ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ፈታኝ ነዎት?»

«ተማሪ ነኝ!» አለች ግሌኒስ።

ተራቸውን የሚጠብቁት ልጆች በሙሉ ዞረው አዩዋት።