ወፍ ያልጠጣው ውሃ

ላሟ ውሃ ሸቷታል፤ ገመዱን እየጎተተች ቁልቁል ወደ ረግረጉ ልትወርድ ትታገላለች። የሺሐረግ ግን ተረከዟን ጭቃው ውስጥ ተክላ፣ ገመዱን በክንዷ ጠምጥማ፣ ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጋ ቆመች።

«ቆዪ እስቲ ቦቂት፤ ቆዪ የኔ እናት፣» አለቻት።

ቦቂት ወሯ ገብቷል፤ ዛሬ ነገ ትወልዳለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የየሺሐረግ ቤት የሚቆመው በዚች ላም ወተት ነው። ቧንቧ ከጠፋ ሰንብቷል። በጀሪካን የተጠራቀመውም ትናንት አልቆ፣ ላሟ ባዶ ገንዳ ስትልስ ነው ያደረችው።

የአቃቂ ረግረግ ውሃው ሁልጊዜ አይታመንም። ከላይ ካሉት ፋብሪካዎች አንዱ ቀለም የለቀቀ እንደሆነ ዓይን ያየዋል። ሌላውን፣ ያንን መልክም ሽታም የሌለውን ሲለቁ ግን ቀድመው የሚያውቁት ወፎቹ ናቸው፤ ተነስተው ይሄዳሉ። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ከዓመት ዓመት እዚህ ዳር ቆማ ስትሰማ የገባት ነገር ነው። አንድ ጊዜ ልብ ያላሉ ጎረቤቶቿ በጎቻቸውን ቆዳቸውን እንኳ ሳይገፉ እዚሁ ቀብረዋል። ስለዚህ ዳክዬዎቹ ሲንጫጩ፣ ጋጋኖው በዚያ በሻከረ ድምፁ ሲጣራ ካልሰማች፣ ላሟን አታጠጣም።

ዛሬ ምንም የለም። ከማዶ ወደ ቂሊንጦ የሚሄደው የሠራተኞች ሰርቪስ ጡሩምባ ይሰማል። ረግረጉን የሸፈነው ፊላ መሀል ግን ጸጥ። በአንድ እግሩ መቆም የሚወደው ሽመላ እንኳ ከቦታው የለም።

«እትዬ የሺሐረግ! ዛሬ ደግሞ ቅዳሴውን እዚህ ጀመሩት?»

ዱጉማ ነው፤ ረግረጉ ዳር ጎመን የሚያለማው ጎረቤቷ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ አካፋውን ተደግፎ ይስቃል።

«ወፎቹ የሉም፣» አለችው።

«የት ይኖራሉ! እኔ ነኛ ያባረርኳቸው።» በአገጩ ወደ ፊላው ጀርባ አመለከተ። «ችግኝ መስሎኝ ስተክል፣ ለካ ለነሱ ምንጣፍ ሳነጥፍ ኖሯል! ረግጠው ረግጠው ጨረሱኝ። ትናንት አመሻሹ ላይ ገመድ ወጥሬ ባዶ ጣሳ ደረደርኩላቸው። ነፋስ መታ ሲያደርገው ሠርግ ቤት በሉት! ሲንቋቋ አልሰሙም?»

ሰምታለች። ለጸሎት ስትቆም ጣሳው ሲንቋቋ ነበር። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት።

«ሁሉም ሄዱ?»

«አንድ አልቀረ። ግን ሆዳሞች ናቸው፤ ጣሳው ትንሽ ዝም ካለላቸው ተመልሰው ከች ነው።»

ደረቷ ቀለል አላት። እንዲያም ሆኖ ገመዱን አላላላችም።

«ውሃውንስ አይተኸዋል?»

«ምን ይሆናል ብለው? እኔ ራሴ አሁን ጠዋት በባልዲ እየቀዳሁ መደቡን ሁሉ አጠጥቻለሁ። ኧረ ይልቀቋት እትዬ! ጥጃው ሆዷ ውስጥ ሆኖ እየሰደበዎት ነው።»

ሳታስበው ሳቀች። አማተበችና ገመዱን ላላ አደረገችው። ቦቂት እስከ ጉልበቷ ገብታ አፏን ነከረች።

ነፋስ ከገላን በኩል መጣ። ፊላውን አጎነበሰው፤ የነጠላዋን ጫፍ አነሳው። የሺሐረግ የጣሳዎቹን ድምፅ ጠበቀች። ነፋሱ አለፈ። ሌላ መጣ፤ ከፊተኛው የበረታ። እሱም አለፈ።

«ዱጉማ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ጣሳዎችህ ምነው አይጮሁም?»

ሳቁ ገና ፊቱ ላይ እንዳለ ዞረ። ሄዶ ፊላውን በአካፋው ገለጠው። ገመዱን የያዘው ምሰሶ ወድቋል። ገመዱ ተበጥሶ ጭቃው ላይ ተጋድሟል፤ ጣሳዎቹ አፋቸው ጭቃው ውስጥ ተደፍቶ፣ የሌሊቱ ጤዛ ጀርባቸው ላይ ሳይነካ ተቀምጧል።

«ሌሊት ነው የወደቀው፣» አለ። «ወፎቹ ግን አልተመለሱም።» ከዚያ እጆቹን ዝቅ ብሎ አያቸው፤ እስከ ክርኑ ገና እርጥብ ናቸው።

የሺሐረግ ገመዱን ጎተተች። «ነይ! ቦቂት፣ ነይ ውጪ! ኧረ በእመቤቴ!» በሁለት እጇ፣ ባላት ጉልበት ሁሉ ጎተተች። ዱጉማም አካፋውን ጥሎ እየሮጠ መጥቶ ገመዱን ያዘ። ላሟ ግን ሌሊቱን ሙሉ ተጠምታ ያደረች ናት፤ እግሯን ጭቃው ውስጥ ተክላ አንገቷን አላቀና አለች።

በዚያ ሁሉ ረግረግ ላይ የሚሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ በላሟ ጉሮሮ እየተንዶቀዶቀ የሚወርደው ውሃ።