ያልተረዳ ልጅ

የአባቱን ሞት ለአንዷለም የነገረው ክንዱ ላይ ያሰረው አምባር ነው። የአንድ ሰው ልብ ሲቆም አምባሩ ለዘመድ ወዳጁ ሁሉ እኩል ያሳውቃል። ስለዚህ መርዶ የሚደብቅም ሆነ የሚነግር ሰው ከቀረ ቆይቷል።

አንዷለም ግን ሳይነጋ ተነስቶ ወንበሮቹን በግድግዳው ዙሪያ ደረደረና በሩን ገርበብ አድርጎ ጠበቀ። ልጅ ሳለ የአጎቱን መርዶ ይዘው የመጡት ሰዎች ቤቱን ሞልተውት ነበር። ዛሬ ደረጃውን የወጣ ሰው የለም። አምባሩ ብቻ «ነፍስ ይማር» የሚል መልእክት በመጣ ቁጥር ይነዝረዋል።

ፀሐይ ስትወጣ የጎረቤቱን የእትዬ ጥሩወርቅን በር አንኳኳ።

«ሰምቻለሁ ልጄ፤ ነፍስ ይማር ብዬ ልኬልህ ነበር። አልደረሰህም?»

«ደርሶኛል። ግን አልተረዳሁም።»

«ምኑ ነው ያልገባህ?»

«እሱማ ገብቶኛል። ያረዳኝ ሰው የለም ማለቴ ነው። እባክዎ፣ መጥተው ያርዱኝ።»

እትዬ ጥሩወርቅ ገርበብ ወዳለው የእሱ በር ተመለከቱ።

«በል ቤትህ ግባና በሩን ዝጋው» አሉ። «ክፍት በር ምን ብዬ አንኳኳለሁ?»

ገብቶ ዘጋው። ብዙም ሳይቆይ ተንኳኳ። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና ከባዶዎቹ ወንበሮች በአንዱ ተቀመጡ። ዓይናቸውን ከወለሉ አላነሡም።

«አባትህን አሟቸው ነበር አይደል?»

«ትንሽ ነው ያመማቸው» አለ አንዷለም። «ተሻላቸው?»