እስኪጮህ ድረስ

በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ነበር። መካኒኳ የአባቷን የሞተር መጋዝ ጠረጴዛው ላይ አስራ ስታስነሳው እሪ ብሎ ጮኸ። ካርቡሬተሩ ላይ ነዳጅ የሚመጥነውን ብሎን አባቷ አሁንም አጥብቆታል። ነዳጅ ያነሰው ሞተር ያለ ልኩ ይከንፋል፤ እጇን ከነዳጅ መስጫው ላይ ስታነሳ እንኳ ሰንሰለቱ መዞሩን አልተወም። አጠፋችው።

“አባዬ፣ ይሄን ብሎን አትንካ አላልኩህም?” ብላ ጮኸችበት። “ፒስተኑ ግሎ ይጣበቃል! ሰንሰለቱም አንድ ቀን እግርህን ይዞት ይሄዳል!”

“ሠላሳ ዓመት ዛፍ ቆርጫለሁ። ካልጮኸ አይቆርጥም፣” አለና ተቀይሞ ጀርባውን ሰጣት። ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው፣ አለች በሆዷ። ሞተሩን እንደገና አስነስታ ብሎኑን በካቻቢቴ ቀስ እያለች አላላችው፤ ጩኸቱ ወረደ። ሚኒሞውን፣ ነዳጅ ሳይሰጠው የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ስትቀንስ ሰንሰለቱ ቆመ፤ ሞተሩ ብቻ ዱክ ዱክ ማለቱን ቀጠለ።

“አየሽ! አጠፋሽው!” አለ አባቷ ሳይዞር።

ከሞተሩ ቀና ብላ የአባቷን ጀርባ አየች። ሞተሩ ከጀርባው ሁለት እርምጃ ርቆ እየሠራ ነበር። ለካ ብሎኑን የሚያጠብቀው ድምፁ ጆሮው እስኪገባ ድረስ ኖሯል። ክንዱን ይዛ አዞረችውና መዳፉን በሚንቀጠቀጠው መያዣ ላይ አኖረችው።

“ይሰማሃል?” አለችው ጆሮው ሥር ጠጋ ብላ።

አባቷ ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። ጣቶቹን ግን መያዣው ላይ አጠበቃቸው።

“ይሰማኛል፣” አለ ቀስ ብሎ፤ “በእጄ ይሰማኛል።”