ከፎጣዎቹ ሥር የተቀመጠው ፖስታ

ፖስታው ኮት ኪሴ ውስጥ ነው... መውጫ ግን የለኝም።

የታላቅ ወንድሜ የቲመን ሰባ አንደኛ ልደት ነው። እንደ ወጋችን ወንበሮቹ ክብ ሠርተው ተደርድረዋል። ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ኬካችንን ይዘናል። አንድ ሰው ለመውጣት አምስት ሰው መነሳት አለበት።

"ሃርመን፣ ልብህን ከፍተው አዩት አሉ" አለኝ ቲመን። "የሆነ ነገር አገኙበት ወይስ ባዶ ነበር?"

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ያገኙት እብጠት ነው... ከእሱ የተቆረሰ ቁራጭ አንጎሌን መትቶ ግራ እጄን ሽባ አድርጎታል።

ሐኪሟ "በዘር የሚተላለፍ ነው" ብላኛለች። "ከንፈርዎ ላይ ያሉት ጥቋቁር ነጠብጣቦችም ምልክቱ ናቸው። ለዘመድዎ እኔ መንገር አይፈቀድልኝም። ይህን ደብዳቤ ለወንድምዎ እርስዎ ይስጡት።"

ሁለት ወር ሙሉ ይዤው ዞርኩ... በልደት ቀን ስለ በሽታ ይወራል?

የቲመን ልጅ ኔልከ ከምድር ቤት ተጨማሪ ወንበር ይዛ ወጣች። እሷም ከንፈሯ ላይ ነጠብጣቡ አላት። በሩ ላይ ቆም ብላ ደረቷን ያዘች።

"ደረጃው ነው አጎቴ" አለችኝ ሳያት። "አርጅቻለሁ መሰለኝ።"

ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው።

አምስት ሰው አስነስቼ ወጣሁ። ቲመንን ወጥ ቤት ጠርቼ ፖስታውን ሰጠሁት።

አልከፈተውም... የሆስፒታሉን ማኅተም አየና መሳቢያውን ሳበ። ከፎጣዎቹ ሥር ሌላ ፖስታ አወጣ።

ያው ማኅተም ነው... ላዩ ላይ ያለው ስም ግን የእኔ።

የተጻፈው የዛሬ አራት ዓመት ነው።

"ስፔን ሰነበትኩ ያልኩህ ጊዜ... ያንኑ እብጠት ከልቤ ሊያወጡልኝ ሆስፒታል ነበርኩ" አለኝ።

ያኔ ፀሐይ ሳይነካው ነጭ ሆኖ ሲመለስ ስቄበት ነበር።

"ለምን አልሰጠኸኝም?"

"የኔልከ ሠርግ ደረሰ... ከዚያ ልጇ ተወለደ... ሁሌ አንድ ነገር አለ።"

ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። ያንን ደብዳቤ ቢሰጠኝ ኖሮ እጄ ዛሬ ይሠራ ነበር።

ግን እኔስ ሁለት ወር ምን ስሠራ ነበር?

"አባዬ፣ ምንድን ነው እሱ?"

ኔልከ በሩ ላይ ቆማለች። ቲመን መሳቢያውን ሊዘጋ ሲል በደህናው እጄ ሁለቱንም ፖስታ አንስቼ ሰጠኋት።

ቆማ ሁለቱንም አነበበቻቸው። ከዚያ የአራት ዓመቱን ደብዳቤ ቀን በጣቷ ነክታ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ቀኑ ትክክል ነው?"

ቲመን መሳቢያውን ገፍቶ ዘጋው።

ባለፈው ሐሙስ ተመረመረች። እብጠቱ አለባት... ሐኪሞቹ በጊዜ ደርሰንበታል ይላሉ። ቀዶ ሕክምናዋን እየጠበቅን ነው።

ወገኖቼ፣ ሰው እንዳይደነግጥ ብለን ስንደብቅ፣ ብዙ ጊዜ ከጭንቀት የምናድነው ራሳችንን ነው። በቤተሰባችሁ የሚወረስ በሽታ ካወቃችሁ ጥሩ ቀን አትጠብቁ... ንገሩ።

እናንተ በኔልከ ቦታ ብትሆኑ ማንን ነው የምትቀየሙት... አራት ዓመት የደበቀውን አባቷን ወይስ ሁለት ወር የደበቅሁትን እኔን? ጻፉልኝ፣ አነበዋለሁ።