በአንድ ዓይን የተሣለው ወንድም

ተፈራ የሞተው በስቅለት ዕለት ነው። ደብሪቱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ባሏን ጓሮ ካለው ማንጎ ሥር ተዘርሮ አገኘችው። አፉ አረፋ ደፍቋል። ካጠገቡ ግማሽ ፓፓያ ወድቋል፤ ፍሬው ተጠርጎ በምትኩ ማር ተሞልቶበታል።

አገር ምድሩ ሲሰግድ እሱ ጾሙን ገድፎ ሞተ ከሚባል ሞቷን ትመርጥ ነበር። አፉን በነጠላዋ ጠረገች፤ ፓፓያውን አርቃ ቀበረች። ከእሷና ከፈጣሪ በቀር ያየ የለም። ሸዋ ሮቢትም የቆላ ፀሐይ መታው ብሎ አለቀሰለት፤ እሷም ነገሩን ሆድ ይፍጀው አለች።

ጥርጣሬዋ ግን አብሮ አልተቀበረም። የባሏ ታናሽ ወንድም ተክሌ በመስኖው መሬት ሳቢያ ከሟቹ ጋር ሲነታረክ ነው የኖረው። የዚያን ዕለትም አሞኛል ብሎ ከስግደቱ ቀድሞ ወጥቷል። ታዲያ በምን አፏ ትክሰሰው? መርዙን ብትናገር መብላቱንም መናገሯ ነው። ከገበታዋ በቆረሰ ቁጥር አንጀቷ እያረረ አብራው ትበላለች።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ቢኒያም የሚባል ሠዓሊ ከማጀቴ መጣና፣ በምግብ ቤቷ ግድግዳ ላይ ትልቅ ግብር ልሣልልዎት አላት። ተፈራም ኢሕአዴግ ሳይገባ በፊት ማጀቴ ኖሯል፤ ስለዚያ ዘመኑ ግን ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ያውቀው እንደሆን ሠዓሊውን ጠየቀችው። በስም እንጂ በዓይን አላውቃቸውም አላት።

የባሏን ፎቶግራፍ ሰጠችው። አንዴ አየት አድርጎ መለሰላት። ቀለሙን የሚበጠብጠው በእንቁላል አስኳል ነበርና ጠዋት ጠዋት እንቁላሉን የምታቀብለው እሷው ነበረች።

«ገበታው ላይ ምን ላኑር፣ እትዬ?»

«ዶሮውንም፣ ጥብሱንም፣ ጠጁንም። ምንም አይጉደል።»

«ለጋሼ ተፈራስ? ለይተው የሚወዱት ነገር አልነበረም?»

«የዶሮ እግር አስይዝልኝ» አለችው። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ተክሌን ደግሞ በጎኑ ሣለው» አለች።

ቢኒያም ብሩሹን አቆመ። በአገራችን ሥዕል ደግ ሰው በሁለት ዓይን፣ ክፉ ሰው ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ነው የሚሣለው። ይህን ለእሱ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ለምን ብሎ አልጠየቃትም፤ ፈገግ ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

በሙት ዓመቱ ዕለት ሠዓሊው ሥዕሉን የሸፈነበት መጋረጃ ተገለጠ። ያ ሁሉ የሚያስጎመጅ ምግብ ተሥሎ ማንም ልብ አላለው። የሁሉም ዓይን ያረፈው በአንድ ዓይኑ ተክሌ ላይ ነው። ደብሪቱም ብትሆን ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም። አጠገቡ የተቀመጡት አንድ በአንድ እየተነሡ ራቁት።

«እትዬ ደብሪቱ፣ እኔ ምን በደልሁ?» አለ ተክሌ።

ሳይመሽ ጓዙን ሸክፎ ወደ ደብረ ሲና ወጣ፤ ሚስቱ ጌጤ እያለቀሰች ተከተለችው። ሠዓሊውም ስንቁን ተቀብሎ፣ መርቋት በጀውሃ በኩል ሄደ።

እንግዳው ሁሉ ሲበተን ደብሪቱ እፎይ አለች። «ደምህን መለስሁልህ» ልትለው ወደ ባሏ ሥዕል ተጠጋች።

ተፈራ በእጁ የያዘው የዶሮ እግር አልነበረም፤ ፍሬው ተጠርጎ ማር የተሞላ ግማሽ ፓፓያ ነበር።