የሚስተር ኦግደን የመጨረሻዋ መጽሐፍ

ጠጋ በሉማ ልጆቼ፣ በሩንም ዝጉት፣ ብርዱ ገባ። ወራቱ ቅጠል ረግፎ መንገዱ የሚያንሸራትትበት፣ ቀኑ ገና በሻይ ሰዓት የሚጨልምበት ነበር።

ሎርና የምትባል ልጅ በሰሜን እንግሊዝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትሠራ ነበር። ሥራዋ ምን መሰላችሁ፤ ሕዝቡ የሚያነበውን ሁሉ፣ ጸጉር ቤት የሚገላበጠውን የሴቶች መጽሔት፣ ባቡር ጣቢያ የሚሸጠውን የፍቅርና የወንጀል ልቦለድ፣ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ቁራጭ እየወሰዱ ኮምፒዩተር ውስጥ ማጠራቀም ነው። የመዝገበ ቃላት ሰዎች ሕዝቡ እንዴት እንደሚጽፍ ከዚያ ያያሉ። ቁራጩ የሚወሰደው ከመሐል ነው፤ መጀመሪያና መጨረሻ አይፈለግም።

ታዲያ ገጽ አንባቢው ማሽን የተጠረዘ ነገር አይወድም። ክላይቭ የሚባል ቀልደኛ ሰውዬ የመጽሐፉን ጀርባ በትልቁ መቁረጫ ቀንጥሶ፣ ገጹን ነጠላ ነጠላ አድርጎ ያበላዋል። የተረፈው ተቦክቶ ካርቶን ይሆናል።

«ሌላ በግ አምጪልኝ!» ይላታል ሎርናን፣ መቁረጫውን ከፍ አድርጎ። ሰኞ ሰኞ ደግሞ አፉ ቢራ ቢራ ይሸታል።

አንድ ቀን ሜቪስ ኦግደን የምትባል አሮጊት ደወለች። ባሏ ሴሲል በደጉ ዘመን የወንጀል ልቦለድ ጽፎ ነበር፤ እዚያ ማሽን ውስጥ ቢገባለት ደስ ይለዋል። «አሠራራችሁን ጋዜጣ ላይ አንብቤዋለሁ» አለች።

ሎርና ቤታቸው ሄደች። ሴሲል ሳንባውን ታሞ ከአልጋ አይወርድም። አሳታሚው ከነመጋዘኑ ተቃጥሏል፤ ቤተ መጻሕፍቱም አርጅቷል ብሎ ጥሎታል። ከዚያ ሁሉ የቀረችው ትራሱ ሥር ያለችው አንዲት መጽሐፍ ብቻ ናት።

«ልጅ አልወለድንም» አላት እያሳለ። «እኔ ስሄድ የምትቀረው እሷ ናት። አደራሽን።»

ሎርና ገለጥ አደረገቻት። መጀመሪያው ገጽ ላይ «ለፖውሊን፤ ያላንቺ ሁሉም ባዶ ገጽ ነበር» ይላል።

«ፖውሊን እህትዎ ናት?»

ሴሲል ሳል ያዘው። ሜቪስ ግን ሳቀች። «የጽሕፈት መኪና ትመታለት የነበረች ናት፣ ልጄ። ሰዉ የኔ የቤት ስም እየመሰለው ዘመኔን ሁሉ ፖውሊን፣ ፖውሊን ሲለኝ ኖረ እኮ! በይ ብስኩት ውሰጂ። መነጽሬ ደግሞ የት ገባ?»

መነጽሩ ሁሌም እንደጠፋባት ነው። ሲፈለግ ሲፈለግ ከሹራብ መሥሪያ ቅርጫቷ ውስጥ ተገኘ።

«እኔን የሚያሰጋኝ መቁረጡ ነው» አለ ሴሲል።

«አይስጉ፣ ክር የታሰረበት አይቆረጥም። ራሴ ተይቤ በእጄ እመልስልዎታለሁ። ሚስስ ኦግደን፣ ክር ይኖርዎታል?»

ሜቪስ ከምትሠራው ቀይ ሹራብ ረዘም አድርጋ ቆረጠችላት። ሎርና ክሩን መጽሐፏ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥማ ቋጠረችው። አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ያስተማራት ቋጠሮ ቢጎትቱት ይጠብቃል እንጂ አይፈታም።

«በል እንግዲህ» አለችው ሜቪስ ባሏን፣ «በገዛ እጅህ ስጣት።»

ሰጣት።

ዓርብ ዕለት ሜቪስ ኬክ ጋግራ ቢሮ ድረስ መጣች። «እንዲያው አይቻት ልመለስ ብዬ ነው። ሴሲል ደህና ናት ወይ እያለ እንቅልፍ አጣ።» ሎርና መጽሐፏን ከመደርደሪያው አውርዳ ሰጠቻትና ሻይ ልታመጣ ወጣች።

ክላይቭ ኬኩን አፉ ሙሉ ጎርሶ «ሚስስ ኦግደን፣ እኔን ይውሰዱኝ እንጂ ባልዎን ምን ያደርጉታል!» አላት።

«አንተ ባለጌ! ሂድና ከሻይው ጋር ወተት አምጣልኝ።»

ሲመለሱ መጽሐፏ መደርደሪያው ላይ ተራ ከሚጠብቁት ጋር ተደርድራለች፤ ሜቪስም ኮቷን ቆልፋለች። «አውቶቡሴ ሊያመልጠኝ ነው» ብላ ሻይውን ሳትቀምስ ሄደች።

ሰኞ ሎርና ስትገባ ወለሉ ላይ የምታውቀው ሽፋን ወድቋል። መሐሏ ማሽን ገብቷል፤ የተረፈው በጆንያ ተሞልቶ በጠዋቱ መኪና ተጭኖ ሄዷል።

«ክሩስ? ክሩ የታለ?»

«የምን ክር?»

«ቀይ ክር! ታውረህ ነበር? ሰክረህ ነው!»

«ሎርና፣ እናቴ ትሙት፣ ክር የሚባል አላየሁም!»

ማን ይመነው! ትንፋሹ ራሱ መሰከረበት። አለቃው በዚያው ቀን አሰናበተው።

ሎርና እያለቀሰች ለሴሲል ልትነግረው ሄደች። ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ቋጥረሻት ነበር እኮ። አይቻለሁ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ሜቪስ ሾርባውን በማንኪያ ይዛ ጎንበስ አለችለት። «ልጅቷን እንዳትቀየማት፣ ያ ሰካራም ነው። ደግሞስ መሐሏ ገብቷል አይደል? መጀመሪያውን ማን ይፈልገዋል?»

ከዚያ በኋላማ ምን ይወራል። ሴሲል ገናን አላየም። ክላይቭን በስካር የተባረረ ነው እየተባለ የሚቀጥረው ጠፋ፤ ሚስቱም ልጆቹን ይዛ ወጣች፤ እሱ ዛሬም መጠጥ ቤት ተቀምጦ ላገኘው ሰው ሁሉ አላየሁም እያለ ይምላል። ሎርና መጽሐፍ መንካት ፈርታ ሥራውን ተወችው። ከሴሲል የቀረው ያ ቁራጭ ነው፤ አንድ ሰው በር ከፍቶ ሲገባ ይጀምርና ማን እንደሆነ ሳይነገር ያልቃል።

ሜቪስ ግን ደህና ናት፤ መነጽሯም ከእንግዲህ አይጠፋባትም፣ አንገቷ ላይ በቀይ ክር ተንጠልጥሏል፤ ቋጠሮው ቢጎትቱት ይጠብቃል እንጂ አይፈታም።